ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ

ነቀምት ውስጥ በአንድ የግል የጤና ኮሌጅ ሬጅስትራር ነኝ። ዘንድሮ ለኮሌጁ አዲስ ኢሜይል ተከፈተና የቅበላውን ደብዳቤ ለተማሪዎቹ ሁሉ በአንዴ ላክሁት። ርዕሱን «በጣም አስቸኳይ» አልኩት። እስከ ዓርብ «እገባለሁ» ብሎ ያልመለሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አድራሻው ጠፍቶ ተመልሶ የመጣብኝ ደብዳቤ ስላልነበረ ሁሉም ደርሷል ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ ሐሙስ ግን የመለሱልኝ ሦስት ብቻ ናቸው። የዘመኑን ልጆች ስረግም ሰነበትኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ከአንገር ጉቲን አንዲት ልጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ካልተቀበላችሁኝ ሰርተፊኬቴን ልውሰድ» አለች።

«ተቀብለንሻል እኮ! የናቅሽን አንቺ ነሽ» ብዬ ተቆጣኋት።

እንባዋ መጣ። ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ ደብዳቤዬ የለም።

የኮምፒውተር ባለሙያችን እዚሁ አጠገባችን ያለችው የጉቴ ከተማ ልጅ ናት። ስልኩን ተቀብላ ስፓም የሚባለውን ሳጥን ከፈተችው። ሳይጠሩት አቤት የሚል መልእክት ሁሉ የሚታጎርበት ቦታ ነው። የእኔም ደብዳቤ በሎተሪ ዕጣና በፀጉር ማሳደጊያ ቅባት መሃል ተገኘ።

«ኦቦ፣ አድራሻው አዲስ ነው፤ ገና የሚያውቀው የለም» አለችኝ። «የማይታወቅ ሰው በአንድ ቀን የከተማውን በር ሁሉ ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? እርስዎስ ሲመጡ እንዴት ነበሩ?»

እሷ ምን ታውቃለች ልል ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። ከጎጃም መምህር ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ሱቅ ገብቼ «ስኳር ስጠኝ» እል ነበር። ባለሱቁ ሌላውን ሁሉ ካስተናገደ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚዞረው። ፊቱ የተፈታልኝ አስቀድሜ በኦሮምኛ «አካም ቡልታኒ»፣ እንዴት አደሩ፣ ማለት ስለምድ ነው።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰርተፊኬቷም ከፋይሉ ሳይወጣ ቀረ። ተስፋ ቆርጣ እቤቷ ብትቀር ኖሮ ነገ ቦታዋን ለሌላ የምሰጠው እኔው ነበርኩ። እፎይ አልኩ፤ እንዲህ እፎይ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ለቀሩት እየደወልን ደብዳቤውን ከስፓም እንዲያወጡትና እንዲመልሱልን ነገርናቸው። እስከ ዓርብ ማታ ያልመለሰ አልነበረም።

ከሦስቱ ቀጥሎ መጀመሪያ የደረሰኝ መልስ ግን የእሷ ነው። እዚያው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጻፈችው። ስከፍተው አራት መስመር ሙሉ ሰላምታ ነው፤ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ከብቶቼን ትጠይቃለች። ከብት የለኝም። በአምስተኛው መስመር ላይ «እገባለሁ» ይላል።