የክር መወጠሪያ ፍለጋ በገዳሪፍ

ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ በምትባል ከተማ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እየሠራሁ ነው የምኖረው። የመንጠቆው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ዘንጉ ላይ በክር ጠምጥሜ አስራለሁ። ክሩ ከላላ ቀለበቱ ይነቀላል፤ ስድቡን የምጠጣው እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የልብስ ስፌት መኪና ክር መወጠሪያ ልገዛ ገዳሪፍ ሄድሁ።

ከሱቅ ሱቅ ስንከራተት ዋልሁ። አንዱ «ሙሉ መኪናውን ግዛ» አለኝ። ሌላው «ለዓሣ?» ብሎ ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳቀብኝ። ደሜ እንደ ፈላ የመጨረሻው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሐጅ ይሏቸዋል። መወጠሪያው ከመስታወቱ ስር ተደርድሮ ይታየኛል።

«አለ፤ ግን አልሸጥልህም» አሉኝ።

«ምን በድዬዎት ነው ሐጅ?»

«ለማያስፈልግህ ነገር ገንዘብህን አልቀበልም። ለዚህ ሥራ እጅህ ይበቃሃል።»

አሁንስ በቃኝ! ይዤው የመጣሁትን ዘንግ፣ ቀለበትና ክር ባንኮኒው ላይ ወረወርሁት።

«ወላሂ፣ በአፍ ቀላል ነው! ይችሉ እንደሁ እስቲ ጠምጥመው ያሳዩኝ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል።

ሐጅ ቀለበቱን ዘንጉ ላይ አስቀመጡ፤ ክሩን በጥርሳቸው ነክሰው ወጠሩና ዘንጉን ቀስ እያሉ ያሽከረክሩት ጀመር። ክሩ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደረብ፣ ጎን ለጎን ጥብቅ ብሎ ተኛ። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ አስሬ አላውቅም።

እጃቸውን ልብ ብዬ ያየሁት ዘንጉን ሲመልሱልኝ ነው። ቀኝ እጃቸው ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች ብቻ ነበሩ።