ያላየ አያረዳም

ልጄ ሞተ ብሎ ደጄን ያንኳኳ ሰው የለም። የነገረችኝ ስልክ ናት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ጎንደር አራዳ፣ ሴት ልጄ ቤት፣ ጉልበቴ ላይ ሰፌድ አድርጌ ምስር እለቅም ነበር። ልጄ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ስትገፋ ስትገፋ ቆይታ ድንገት እጇ ቆመ። ስልኩ ወደቀ። ቀጥላ ጮኸች። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የታናሽ ወንድሟ ፊት ነው። ከሥሩ የበራ ሻማ ሥለውበታል።

ታናሹ ልጄ ሾፌር ነው። የሰው አይሱዙ ይነዳል፤ ሰሊጥ ሲደርስ ከሳንጃ እየጫነ ጎንደር ያራግፋል። ሐሙስ ወጥቷል። አርብ በዚያ መንገድ ተኩስ ነበር ሲባል ሰምተናል፤ ሳንጃ ደግሞ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እና ያን ሻማ ሳይ ሰፌዱ ከጉልበቴ ወርዶ ምስሩ ሁሉ ተደፋ።

ግን አላለቀስኩም። ልጄ በኋላ "ምነው እናቴ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው?" ብላኛለች። ድንጋይ አይደለም። እኔ የተወለድኩት ዳባት ገጠሩ ውስጥ ነው። በኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ሬሳውን ያየ፣ አፈር ሲለብስ የቆመ አንድ ሰው መኖር አለበት። እሱ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የቤቱ ሰው ደጅ ሳይወጣ ይደርሳል። እናቲቱን ግራና ቀኝ የሚይዙ ሴቶች ቀድመው ይገባሉ። ነፍሰ ጡር ካለች ዘወር ትደረጋለች። ከዚያ ሽማግሌው ይናገራል፣ ያየው ሰው ይመሰክራል። ያላየ አያረዳም፤ አባቴ ከዚህ ነገር ንቅንቅ አይልም ነበር።

ልጅ ሳለሁ ያልሆነ መርዶ አንድ ጊዜ ደርሶብናል። ቆላ ወርዶ የቀረ ጎረቤታችን ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ሲበላ፣ ሰውየው አህያውን እየነዳ ከች አለ። ተቀምጦ የራሱን ተዝካር በላ። ሲያወሩት ያስቃል። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ሸጋ ቀን አላየም፤ ሚስቱ እንኳ በጨለማ ድምፁን ስትሰማ ትደነግጥ ነበር። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው እንዲህ ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው ሞላ። እድርተኞቹ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ገቡ። ልጄ እያነባች ስልኩ ላይ ያለውን ታነብልኛለች። አንዱ ገጽ፣ ጥይት ሲያመላልስ ተደመሰሰ ይላል። ሌላው፣ ለወገኑ የወደቀ ጀግናችን ይላል። ሁለቱም የለጠፉት ያንኑ አንድ ምስል ነው። ልጄ በዕድሜው ያመላለሰው ሰሊጥና ሽንኩርት ነው። ስብሰባ ሲጠሩት እንኳ ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ የሚቀር ልጅ፣ በአንድ ጀንበር የሁለት ጌታ ሎሌ ሆነ።

ደግሞ አንዲት ዘፋኝ አሳዩኝ፤ ሰርግ ቤት ሁሉ ዘፈኗ የማይጠፋ ነው። ላይቭ ገብታ "ወንድሜ" እያለች ታለቅሳለች። ከሥሯ አበባና አንበሳ እየበረረ ይመጣል። ምንድን ነው ብል፣ ሰው ከፍሎ የሚልክላት ስጦታ ነው አሉኝ። በኛም አገር አልቃሽ ይከፈላታል፤ አልነቅፍም። አልቃሽ ግን የሟቹን አባት፣ የእናቱን አገር፣ የበሬውን ስም ሳይቀር ጠይቃ ነው ሙሾ የምታወጣው። ይህቺ የልጄን ስም ሁለት ጊዜ ጠርታ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው አደረገችው።

"ድንኳኑን መልሱት" አልኩ።

ቋሚ የተሸከሙት ባሉበት ቆሙ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቄስ ናቸው፤ አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደኔ መጡ።

"አንቺ ሴት፣ አገር ሁሉ ያየውን አንቺ ብቻ ልትክጂ ነው?"

"አገር ያየው ምስሉን ነው አያ። ሬሳውን ያየ አንድ ሰው ያምጡልኝ፣ ያን ጊዜ ደረቴን እደቃለሁ።"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አእምሮዋን ነካት ሲሉ ሰምቻለሁ። ውስጤን ቢያዩ ግን እኔም እንደነሱ ነበርኩ።

በዚህ መሃል አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጉልበቴን ስማ "እማማ" አለችኝ። ወንበሬን ወደ ብርሃን አዙራ፣ ከስልክ አሳትማ ያመጣችውን ያንኑ የልጄን ምስል አስታቀፈችኝ፤ ሲሰሙ ምን ተሰማዎት ብላ ጠየቀች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ ማልቀስ ከመጣብዎ አይያዙት፣ ሕዝቡም የእናትን እንባ ቢያይ ጥሩ ነው አለችኝ።

"ልጄ፣ ሬሳውን አይተሻል?" አልኳት።

"እኔ አላየሁም እማማ። ታማኝ ምንጭ አለን።"

"ምንጭሽ አይቷል?"

ካሜራ የያዘውን ሰው አየችው። እሱ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ። የነሱ ምንጭ ጀግናችን የሚለው ገጽ ነው። ያ ገጽ የጠቀሰው ዘፋኟን ነው። ዘፋኟ ደግሞ፣ አንድ ሰው ላከልኝ ነው የምትለው። አንድ ሰው ማን ነው? ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የታቀፍኩትን ምስል ደህና አድርጌ ያየሁት። የልጄ ትከሻ ላይ፣ ከጠርዙ ዘንድ፣ የተቆረጠ እጅ አለ። አንጓው ላይ ንቅሳት፣ አውራ ጣቱ በማጭድ የተጎዳ። የራሴ እጅ ነው።

ምስሉ የሴት ልጄ ሰርግ ላይ የተነሳነው ነው። እሷው ራሷ ያኔ ስልኳ ላይ ለጥፋው ነበር፤ እኔን ቆርጠው ጣሉኝና ልጄን ወሰዱ። እጄ ግን ቀረችባቸው።

"አያ፣ ይህ ከሳንጃ መንገድ የመጣ ከሆነ እጄን ከየት አገኙት?"

አያ ተቀብለው አዩት፤ እጄንም አዩ። ድንኳኑ ይመለስ አላሉም። "ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ይቀመጥ" ብቻ አሉ። ምስሉ የሰርግ መሆኑ ልጄ በሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ማታ በዜና ራሴን አየሁት፦ እናት በሐዘን ብዛት መናገር ተስኗቸዋል ይላል። እኔ እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም።

እሑድ ማለዳ በትሬን ይዤ ወጣሁ። መሄድ ለኔ አዲስ አይደለም፤ ከዳባት ጎንደር፣ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው፣ ከንግሥ ንግሥ ስል ነው የኖርኩት። ከሳንጃ የሚመጡት መኪኖች በሚገቡበት መንገድ ዳር ቆምኩ። መንገዱ ተከፍቷል ተብሏል፤ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚመጡት። አንዱን ሳቆም ወሬ ይነግረኛል። "አየህ ወይስ ሰማህ?" እላለሁ። "ሰማሁ።" ሌላውን አቆማለሁ፤ እሱም ሰምቷል። አንዱማ ከሳንጃ መጥቶ፣ የሰማው መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ጎንደር ካለ ሰው በስልክ ነው።

ፀሐይ ሳትከር አንድ አሮጌ መኪና ራሱ ቆመልኝ። ሾፌሩ ወረደ። የኅዳር ብርድ ገና አልለቀቀም፤ እሱ ግን በሸሚዝ ብቻ ነው፣ ሾፌር የማይለየው ጋቢ እንኳ የለውም። ፊቴን አይቶ የማን እናት እንደሆንኩ አወቀ፤ ልጄ እኔን ነው የሚመስለው።

"አየህ ወይስ ሰማህ?" አልኩት።

"አይቻለሁ" አለ።

በትሬን ያዝኳት፤ ወይም በትሬ ያዘችኝ። ያን ቃል ስፈልግ ከርሜ፣ ሲመጣ መስማቱን ፈራሁ።

"ቀብሬዋለሁ። ግን እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ አይደለም።"

ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ ልጄን ሐሙስ ማታ ወባ ጥሎታል። ሳንጃ ጤና ጣቢያ ተኝቷል። ጭነቱ እንዳይቆም ብሎ መኪናውን ለጓደኛው ሰጠው፤ መንጃ ፈቃዱም እዚያው መኪናው ውስጥ ቀረ። የተኮሱት እነማን እንደሆኑ ይህ ሾፌር አላየም፤ ስላላየም አልነገረኝም። ከኋላ ደርሶ ያገኘው ሬሳውን ነው። መንገድ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ካህን ጠርተው ቀበሩት። መንጃ ፈቃዱን ያነበበ ሰው ነው እንግዲህ ስሙን ይዞ የሮጠው።

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከውስጤ ፈንቅሎ ሲመጣ ሾፌሩ ጨረሰልኝ፦

"እናቱ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጠዋ ናት። እስካሁን አታውቅም። እኔ መሄድ አቃተኝ።"

እልልታዬን ዋጥኩት።

ቤት ገብቼ ለአያና ለልጄ ብቻ ነገርኩ። ልጄ ወለሉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ቀጥላ ስልኳን አነሳች። ወንድሜ አለ፣ የሞተው እገሌ ነው ብላ ልትጽፍ ነው።

"አትጻፊ።"

"እናቴ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሞቷል እያለ ዝም ልበል? ይወቅ እንጂ።"

"ነገ ይወቅ። መጀመሪያ እናቱ ትወቅ። አንቺን ያስጮኸሽ ስልክ እሷንም እንዲያስጮሃት ነው?"

ስልኩን ተቀብዬ መቀነቴ ውስጥ ጠቀለልኩት። ያ ነገር ሆዴ ላይ ሲንቀጠቀጥ አመሸ። የምትደውለው ጋዜጠኛዋ ናት፤ የሆነ ነገር ሸትቷታል። ልጄ በነጋታው እስክንመለስ አላናገረችኝም። በየደቂቃው የማስበው፣ ሳንጃ ኔትወርኩ ቢመለስና አንድ ሰው ቢቀድመንስ የሚለውን ነው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወለቃ ደረስን፤ አያ፣ ሾፌሩና እኔ። አያ የሠፈሩን ሁለት ሴቶች አስቀድመው አስጠርተዋል። ግን ዘገየን። ሴትዮዋ ተነስታ ጀበናና ድስቷን መንገድ ዳር እየደረደረች ነው። እኔን ስታይ የያዘችውን ድስት አስቀምጣ እጇን ዘርግታ መጣች።

"እህት ዓለም፣ በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ። እግዜር ያጥናሽ። ልጆቻችን እኮ ወዳጆች ነበሩ። የኔው ይምጣና አብረን እንደርሳለን ብዬ ነው የቀረሁት፣ አትቀየሚኝ።"

አቀፈችኝ። ለልጄ አለቀሰችልኝ። እንባዋ አንገቴ ላይ ይሞቃል። አያ ከኋላዋ ቆመው አዩኝ። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ቀረቡ። እኔም አቀፍኳት፤ እንዳትወድቅ አጥብቄ ያዝኳት። አያ ያን ጊዜ ተናገሩ።

ሰው ተሰበሰበ። ረፋዱ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አንስቶ ወደ እሷ አነጣጠረ። እጁን በበትሬ ወደ ታች ገፋሁት። እሷ ግን አየችኝ፤ ድምፅዋ አልቋል።

"ተዪው። ላንቺ ልጅ አገር አለቀሰለት። የኔ አንድ ምስል እንኳ የለውም። በምን ያውቁታል?"

ያን ሁሉ ሰው ለሁለት ቀን ሞግቻለሁ፤ እሷን ግን አልሞገትኳትም። ሾፌሩን ብቻ ጠራሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። ያየኸውን ንገራት አልኩት፤ ያየኸውን ብቻ፣ ከመጀመሪያው።

ነገራት። መኪናው የት እንደቆመ፣ ዓይኑ ተከድኖ እንደነበር፣ ካህኑ ምን እንዳሉ። ጎረምሳውም ስልኩን ኪሱ ከቷል። ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"በምን ገነዛችሁት?"

"በጋቢዬ" አለ።

እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ ዳሰሰች። ከዚያ ከራሷ ነጠላ አውርዳ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።