የተዋሰችው ክፍል

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጾሙ ተንበርክኬ ትንሽ ትንሹን ኃጢአት ለቅሜ ነግሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴን እውጥና ተነሥቼ እሄዳለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ለእናንተ ልናገር ነው። ሰምታችሁ ብትጠሉኝ አልቀየማችሁም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ የሶማሌው ጦርነት ካበቃ በኋላ። ድሬዳዋ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነበርኩ፤ በቀበሌያችን የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ ሴቶችን ወክዬ ገብቻለሁ። ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ ባዶ ክፍል ሲገኝ ቤት ለሌለው ችግረኛ ይሰጥ ነበር። ከኪራዩ አብዛኛው ይነሣለትና ለስሙ ያህል ብቻ እየከፈለ ይኖርበታል። ማጣራት የኔ ሥራ ነው። አመልካቹ ያለበት ድረስ ሄጄ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ቤት አለው ወይም የለውም ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ። እኔ ከጻፍኩ አለቀ፤ ሊቀመንበሩ ማህተሙን ይመታበታል።

አንድ ጊዜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተለቀቀ። የቧንቧ ውሃ ደጁ ላይ ነው፣ ጥላ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም። ተራው የፋጡማ ነበር። ፋጡማ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ይዛ ከጅጅጋ በኩል የመጣች ሴት ናት። መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ታድራለች። ጧት ጧት ወደ ገበያ ሳልፍ ልጆቿን ቀስቅሳ ጆንያዋን ስትጠቀልል አያታለሁ። ታዲያ ምኑን ነው የማጣራው? አይቻለሁ እኮ! ስንቴ አይቻለሁ!

ከሷ ቀጥሎ ተራ የያዘችው ማን መሰለቻችሁ? የወንድሜ ሚስት። ወንድሜ ተፈራ ፋብሪካ ይሠራል፣ ደመወዝ አለው። አግብቶ እኔ ቤት ነበር የሚኖረው፤ እኔና ሚስቱ ደግሞ እሳትና ጭድ ነን። ከቤቴ እንድትወጣልኝ ስል ቤት አልባ ናት ብዬ በሷ ስም ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። ከኮሚቴው ያላወቀ አላወቀም፣ ያወቀም ዝም አለ።

ለፋጡማ ሐሙስ ከሰዓት እንደምመጣ አስቀድሜ ላኩባት። እሷ የቀበሌ ማጣራት ምን እንደሆነ የት ታውቃለች? የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሊጠይቃት ይመጣል። እንግዳ ደግሞ መንገድ ዳር አይቀመጥም። እኔ በሰዓቱ ስደርስ በረንዳው ጥግ ቆማ ትጠብቀኛለች። ታጥባ፣ ጸድታ፣ የሰው ሽቲ ቀሚስ ለብሳ። እጄን ይዛ በጠባቡ መንገድ ወደ ውስጥ አስገባችኝና ከአንዲት ጎረቤት ክፍል አደረሰችኝ። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መከዳ ተደርድሯል፣ ሻሂ በቀረፋ ተፈልቷል፣ በሰሃን ሙሸበክ የሚሉት ጣፋጭ አለ። ልጆቿ ግድግዳውን ተደግፈው ሙሸበኩን ያያሉ እንጂ እጃቸውን አይዘረጉም። ፋጡማ ብርጭቆ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አለች። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ በበሩ ብቅ ብለው በኦሮምኛ፣ «ብርጭቆው ከአልጋው ሥር ነው፣ አንቺ ልጅ» አሏት። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ።

ፋጡማም አልደበቀችኝም። ሻሂውን እየቀዳች፣ «እህቴ፣ አፉ በይኝ። ቤቱ የሰው ነው፤ ለዛሬ ብቻ ተውሼ ነው» አለችኝ። «አንቺን በረንዳ ላይ እንዴት ላስቀምጥ? ወላሂ አፈርኩ።»

ሰማችኋት አይደል? ነገረችኝ። በራሷ አፍ፣ እውነቱን ነገረችኝ። እኔ ሻሂዋን ደግሜ ጠጣሁ፣ ሙሸበኳን በላሁ፣ አሮጊቷ መርቀውኝ ወጣሁ።

ከዚያ ቢሮ ሄጄ ጻፍኩ። «አመልካቿ ምንጣፍና ሙሉ ዕቃ ባለው ክፍል ውስጥ ተቀብላኛለች። በዓይኔ አይቻለሁ።» ፈረምኩ። ተንኮሌን ተመልከቱልኝ፤ አንዲት የውሸት ቃል የለችበትም። ምንጣፉ ነበር፣ ዕቃው ነበር፣ ተቀብላኛለች። ያን ማታ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ተኝቻለሁ። በሳምንቱ ወንድሜና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ከዚራ ገቡ፣ እኔም ቤቴ ሰፋልኝ።

ፋጡማ ተሰርዘሻል ሲሏት ቀበሌ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ምን አጥፍቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ምንጣፍ አንጥፈሽ፣ መከዳ ደርድረሽ፣ ማን ቤት የላትም ይበልልሽ? ኮሚቴው አላምንም አለ።» ኮሚቴው! ኮሚቴው እኔ አይደለሁ? ጣቷን ነከሰች። «ለካ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አልፋም እኔን አጽናናችኝ፤ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አቦ፣ አይዞሽ።» አዎ ያንቺ ነው የሚል ፊት አሳይቼ ሸኘኋት። ቤቱን መንጠቄ አንድ ነገር ነው። እንግዳ አክብራ መቀበሏን እንደ ወንጀል አስቆጠርኩባት፤ ይህንንስ ምን እለዋለሁ?

ክረምቱን እዚያው በረንዳ ላይ ከረመች። መንገድ ለውጬ፣ በሌላ በኩል ገበያ እሄድ ነበር። በኋላ ልጆቿን ይዛ ዋሂል የሚባል መንደር ዘመድ ጋ ገባች ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለለኝ።

ደርጉ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መጋላ ገበያ መሐል አንድ ወጣት ስሜን ጠርቶ አስቆመኝ። የፋጡማ ትልቁ ልጅ ነው። ትከሻዬን ሳመኝ። «እናቴ ሁልጊዜ ታነሣሻለች» አለኝ። «ከነዚያ ሁሉ የቀበሌ ሰዎች መጥታ የጠየቀችን፣ አብራን የተቀመጠች እሷ ብቻ ናት ትላለች። በየጁምዓው ዱዓ ታደርግልሻለች። ዋሂል ነው ያለነው፤ መጥተሽ ብታያት እንዴት ትደሰት ነበር!»  አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ እዚሁ ገበያ መሐል ተናገሪ አልኩ በሆዴ። ከአፌ የወጣው ግን «አሜን፣ እመጣለሁ በላት» ነው።

አሜን አልኩ፤ በድያት ሳለሁ ምርቃቷንም ወሰድኩባት። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ዘመኑ ነው አልልም፣ ስለ ወንድሜ ስል ነው ብዬም አላመካኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳ አልጠየቅኩም። ዋሂል ሩቅ አይደለም፣ መኪናም በየቀኑ አለ። አልሄድኩም።