ከኮምፒውተሩ የወጣው የሴት ድምፅ

ኢንተርኔት በቤት ስልክ መስመር በሚገባበት ጊዜ ነው። ልጄ ሰናይት የትምህርት ዕድል ማመልከቻዋን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መላክ ነበረባት። አሮጌው ኮምፒውተራችን ግን ከቀትር ጀምሮ ይደውላል፣ ይጮኻል፣ ይቋረጣል። ገመዱን ደጋግሜ ነቅዬ ሰካሁ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ «አሁንስ አልለቅህም!» አለ።

ሰናይት የኢንተርኔቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት አየች። «አባዬ፣ ቁጥሩን ተሳስተሃል! ሰው ቤት ነው የምንደውለው!»

ስልኩን አነሳሁ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚጮኸው ኮምፒውተር ነው። መስመሩን ልዝጋና…»

«እንዳይዘጉ!» አሉ ሴትዮዋ ከጎሬ ከተማ። «ጩኸቱን ሊያባርሩልኝ ጠበል ይዘው የመጡ ቄስ አሉ፤ ለእሳቸው ይንገሩ።»

ሰባት ደቂቃ ቀርቶናል፤ ቄሱ ግን ስልኩን ተቀብለው ማብራሪያዬን ሳይሰሙ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ።