ከፕላኑ የቀረችው ክብ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ማስመሪያ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት በግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ በር ተሰልፈው የሚውሉ ባለጉዳዮች ናቸው፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ የማይጎብጥ ሰው ስለሆነ። ከጽሕፈት ቤቱ ማዶ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቤት ፕላን ሲነድፍ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሙያው የራሱ ልማድ አለው። በአሮጌ ቤት ላይ የሚጨምር ሰው ሲመጣ አዲስ ልኬት አይወሰድም። ቀድሞ የጸደቀው ፕላን ይዘረጋል፣ ስስ ወረቀት ይነጠፍበታል፣ መስመር በመስመር ይቀዳል። ማህተም ያረፈበትን ማንም ዳግመኛ አይለካም። ጋሽ ማስመሪያ ይህን ልማድ አንድ ጊዜ ለመደበቂያ ተጠቅሞበታል፤ ከዚያ ወዲህ ሲፈራው ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መቼም አያስታውሱኝም።»

አስታወሳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በደጃፏ ላለማለፍ ዙሪያውን ሲሄድ የኖረ ሰው እንዴት ይረሳል?

«የባለቤትሽን ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር» አላት።

«አሜን። አሁን ልጄ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ እኔ ልትገባ ነው። አንድ ፎቅ ልጨምርላት ነው። ግንበኞቹ ከሰኞ ካለፈ ሌላ ሥራ አለን ብለዋል። እባክዎ፣ እስከ ዓርብ ያድርሱልኝ።»

አሮጌውን ፕላን ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችው። የራሱ የእጅ ሥራ፣ የራሱ ፊርማ። መኝታ ቤቱ ባረፈበት ጥግ ላይ ግን ባዶ ወረቀት።

እዚያ ጉድጓድ ነበር። አፉ በጣውላ የተከደነ የድሮ የውሃ ጉድጓድ፤ በፕላን ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ የሚሰመር። ያኔ ባሏ ወጣት አናጢ ነበር፤ ይህንኑ ጠረጴዛ ተደግፎ ለመነው። «ወንድሜ፣ ይህቺን ክብ ካስገባሃት የውሃ ክፍልን ፊርማ ታስጠይቀኛለች። ፊርማው ስምንት ወር ይፈጃል! ሚስቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል፤ የት ላስገባት? አታስብ፣ እኔው በድንጋይ እሞላዋለሁ።» ጋሽ ማስመሪያ ቦታውን ሲለካ ጠጠር ጥሎ ነበር፤ ውሃው ጋ እስክትደርስ ቆይታለች። ቢሆንም ክቧን ተዋት። ጉድጓዱ መሞላቱንም ሄዶ አላየ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በበረታ ቁጥር ያቺ ጠጠር በጆሮው ውስጥ ትወድቃለች፤ ውሃው ጋ ግን አትደርስም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ምን እያዳመጥክ ነው?» ስትለው «ጣሪያውን» ይላት ነበር። አናጢውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «ሞላኸው?» ሊል አፉን ይከፍትና «ልጅቷ አደገች?» ብሎ ያልፋል። አሁን አናጢውም የለም፤ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

«ከወለሉ ስር ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ዝናብ ሲሆን ውስጥ ውስጡን ይንቦጫረቃል። ባሌ አይጥ ናት ይለኝ ነበር። ታዲያ ገላዋን እየታጠበች ነው እንዴ እለዋለሁ።»

እሱ አልሳቀም።

ሁለት ቀን ሠራ። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ ተቀዱ። ጥጉ ጋ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። ክቧን ካስገባ የሴትየዋ ፈቃድ ይታገዳል፣ የእሱም እንጀራ ያበቃል። ከተዋት አዲሱ ፎቅ፣ ሁለት ሕፃናት ጭምር፣ ባዶ ላይ ይቀመጣሉ። ሐሙስ ማታ ክቧን አሰመራት።

ዓርብ ልብስ ሰፊዋን አስከትሎ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ቀረበ። የፈቃድ ክፍሏ ኃላፊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየች።

«ጋሼ፣ ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡበት?»

«ጉድጓድ ናት።»

«በጸደቀው ፕላን ላይ የለችማ።»

«መሬቱ ላይ አለች። ያንን ፕላን የሠራሁት እኔ ነኝ። የተውኳትም እኔ።»

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይህን ካሉኝ የሙያ ፈቃድዎን መንጠቄ ነው እኮ። አልሰማሁም ልበል?» አለችው።

«ሰምተሻል።»

«ማን ነው ተዋት ያለዎት?»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ማንም» አለ።

«እንግዲያው ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ ተሞልቶ፣ በዓይኔ ሳላየው ፈቃድ አልሰጥም።»

«ጋሼ!» ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። «ልጄ የተከራየችውን ቤት ለቃለች! ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ ጉድ የሚሠሩኝ?»

 የሙያ ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ በመስኮቱ ለኃላፊዋ አቀበለ።

ሰኞ ግንበኞቹ መጡ፤ ግን ሊገነቡ ሳይሆን ሊቆፍሩ። ኃላፊዋም ነበረች። አልጋው ተነሳ፣ ሲሚንቶው ተሰበረ። ከስሩ የበሰበሰ ጣውላ፣ ከጣውላው ስር ጨለማ። አንድም ድንጋይ አልገባበትም። ዋናው ግንበኛ ጠጠር አንስቶ ጣለ። ጋሽ ማስመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ከታች ውሃው ጮኸ።

ሰዎቹ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ቀረች። አልጋው የነበረበትን ቦታ እያየች «እሱ ያውቅ ነበር?» አለችው።

በመስኮቱ ፊት የዋሸው ውሸት እዚህ አልመጣለትም።

«ያውቅ ነበር። እሞላዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«እሱማ ‹ነገ› የማይለው ነገር አልነበረም» አለች። በጫማዋ ጫፍ የተሰበረውን ሲሚንቶ ነካ አደረገችው። «በዚህ በኩል፣ ልክ እዚህ ላይ፣ የሚተኛው እሱ ነበር። እኔንና ልጄን ወዲያ በግድግዳው በኩል ያስተኛን ነበር። ቦታ እንቀያየር ስለው አንድ ቀን እንኳ እሺ ብሎኝ አያውቅም።»