መብራት አይምጣ ብዬ የጸለይኩበት ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... ኮልፌ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሞቱት የሥራ ባልደረባዬ አጎት ናቸው፤ በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። እውነቱን ልናገርና... ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ፊቴን ከስክሼ፣ በልቤ የማስበው ስለ ዳቦዬ ነበር።

እኔና አባዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻችንን ነው የምንኖረው። ቅዳሜ በእኛ ቤት የዳቦ ቀን ነው። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጌ እጋግራለሁ፤ ዳር ዳሩን እሱ ይበላል፣ መሃሉን እኔ። «ጥርስ የለኝም» ይላል እንጂ ቅርፊቱን ሰው ሲነካበት አይወድም።

ያን ቀን ሊጡ ኩፍ እንዳለ ስቶቩን አበራሁ። ወዲያው መብራት ድርግም! አንድ ሰዓት ጠበቅኩ... የለም። ወጥ ቤታችን ደግሞ ጠባብ ናት፤ መብራት ሲሄድ ስቶቩ ጠረጴዛችን ነው። የሊጡን ፕላስቲክ ሳፋ በፎጣ ሸፍኜ እላዩ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ለቅሶው ሮጥኩ።

በሩን ከውጭ ቆልፌ ነው የወጣሁት። አትፍረዱብኝ፣ ምክንያት አለኝ። አባዬ እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ላይ ነው። ሐኪሙ «ደረጃ እንዳይወርዱ» ብሎታል፤ እሱ ግን ግቢው ውስጥ ዳማ የሚጫወቱ ጓደኞቹን በመስኮት ካየ አበቃ። በክራንቹ እየተንፏቀቀ ሁለቴ አምልጦኛል። ጆሮው ከበድ ስለሚል ብጠራው አይሰማ! ስወጣ እንቅልፍ ወስዶት ነበርና ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እና ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ... አምፖሉ ቦግ አለ። ውጭ ያሉ ሕፃናት «መጣ! መጣ!» ብለው ጨፈሩ። አጠገቤ ያሉ አዛውንት እንኳ «ተመስገን» አሉ።

እኔ ግን... ስቶቩ! አላጠፋሁትም! ሳፋው... ፎጣው... የተቆለፈው በር...

«አባዬን! አባዬን!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ አፈፍ አደረጉኝ። «በቃ የኔ እናት፣ አይዞሽ... እሳቸውም ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት!»

«ልቀቁኝ!» ስል ባሰባቸው። አንዷ መቀነቷን ፈትታ ወገቤን ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ። የኔን ሁኔታ ያየ ድንኳን ሙሉ ሰው እንደ አዲስ አለቀሰ። ባልደረባዬ ራሷ አፏን ይዛ ታየኛለች... አጎቷን ይህን ያህል እንደምወዳቸው አታውቅማ!

«አባቴ በሕይወት አለ! ቤት ቆልፌበታለሁ! ስቶቭ በርቷል!» ብዬ ስጮህ ነው የለቀቁኝ።

ለአባዬ ደወልኩ... ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ ካለቀበት ቆይቷል። ፊት ለፊታችን ላሉት ጎረቤታችን፣ ለእትዬ ፋጡማ ደወልኩ።

«እትዬ፣ መብራት አለ?»

«ውይ፣ መጣ እኮ! ግማሽ ሰዓት ሆነው፣ ደስ ይበልሽ!»

«እትዬ በናትዎ ቤቴን ይዩልኝ! አባዬ ውስጥ ነው! ስቶቭ ሳላጠፋ ነው የወጣሁት!»

በሩን ሲደበድቡ በስልኩ እሰማለሁ። ከዚያ ሳል... ከዚያ «ያ አላህ! ልጄ፣ በበሩ ስር ጢስ...» ብለው ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አያነሱም።

ላዳ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ሹፌሩ ምስኪን «እህቴ፣ ከዚህ በላይ አትሄድልኝም» ይለኛል፤ እኔ የፊት ወንበሩን ይዤ እየገፋሁለት ነው። «የልደታዋ እመቤቴ፣ መብራቱን መልሰሽ ውሰጂው... ለሳምንት ይጥፋ፣ ለወር ይጥፋ» እያልኩ ለመንኳት። ያን ቀን ያየሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝ።

ብሎካችን ስር ሕዝቡ ቆሟል። ሁሉም ወደ ላይ ያያል። እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ... ጸጥ ሲሉ አለቀልኝ አልኩ። ደረጃውን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በእጄ ወጣሁት።

በሩ ተገንጥሏል። ሳፋው ቀልጦ ስቶቩ ላይ ፈስሷል፤ መጋረጃው የለም፤ ግድግዳው ከሰል ሆኗል። እና ኮሪደሩ ላይ... የእትዬ ፋጡማ ወንበር ላይ... አባዬ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ውሃ ይጠጣል!

ሽታው ነው የቀሰቀሰው። በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ቆጣሪውን በክራንቹ መትቶ አጥፍቶ፣ በሩ ስር በአፉ ተደፍቶ አገኙት። በሩን የገነጠሉትም እነዚያው ዳማ ተጫዋቾቹ ናቸው።

እግሩ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «አለሁ... አለሁ ልጄ» እያለ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። እኔ ደግሞ ምናለ በሰደበኝ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን እየፈተግኩ ሳለሁ ጠራኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ... በሩን የቆለፍሽው ሌባ ፈርተሽ ነው ወይስ እኔን?»

መፈተጌን ቀጠልኩ።

«ጎትቼ ጎትቼ እምቢ ሲለኝ... ከጢሱ ይልቅ እሱ አስፈራኝ» አለኝ።

«ሌባ ፈርቼ ነው አባዬ» አልኩት። ዋሸሁት። እሱም መዋሸቴን አውቆ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አሁን የአዲሱ በር ቁልፍ ያለው አባዬ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ከሥራ ስመጣ እስኪሰማኝ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት አንኳኳለሁ... ሲያንሰኝ ነው።