የማይፈታው ክር

አጎቴ፣ የካ አባዶ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን፣ ምድር ላይ ባለው የጋራ ክፍል ሸማ ሲሠሩ ኖሩ። በሕንፃው ልጅ ሊወለድ ሲል ጋቢ ይጀምራሉ። ጎረቤት ሁሉ ይመጣና ሕፃኑን መርቆ አንድ ጊዜ ክር የያዘውን መወርወሪያ ይወረውራል። ሥራውን ያልለመደ እጅ ክሩን ያጣምመዋል። "ልፍታው?" ስላቸው ይቆጡኝ ነበር።

"ተይው! የሰው ጸሎት ነው፤ ይፈታል እንዴ?"

ጌታ ይመስገን፣ የእኔም ልጆች በዚያ ጠማማ መስመር ተጠቅልለው አደጉ።

ካረፉ ወዲህ ስወጣ ስገባ ባዶ መቀመጫቸውን አያለሁ። ትናንት የኮሚቴው ሰብሳቢ መጣ።

"እህቴ፣ ክፍሉን ለመጋዘን ፈልገነዋል። ይሄን የሽመና እንጨት አንሺልን።"

"ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ልትወልድ ነው። አጎቴ የጀመሩላት ጋቢ አላለቀም።"

"ማን ሊጨርሰው? አንቺ? ሴት ስትሸምን የት አይተሻል?" ብሎ ሳቀ።

"አሁን አንተ ታያለህ" አልኩትና በአጎቴ ቦታ ተቀመጥኩ። ሕፃኑን መርቄ ወረወርኩ። ክሩ ላልቶ ጠመመ።

"ይኸው፣ አበላሸሽው!"

አልፈታሁትም። መወርወሪያውን ዘረጋሁለት።

"ና፣ መርቅና ወርውር። ተራው ያንተ ነው።"